ባሕሩ መስኮቱ ላይ፣ ሎብስተሩ ፍሪዘር ውስጥ

እንደምን አመሻችሁ። ኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ሁለት ሦስት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

ከአንድ ማታ ልጀምር። የመዝናኛ መርከብ ላይ ነን። የሰባት ሌሊት ጉዞ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ደርሰናል። በመርከብ የተጓዛችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚዘንጥበት ማታ አለ። ወንዱ ክራባቱን ያስራል። ሴቷ ስድስት ቀን ሻንጣ ውስጥ የከረመውን ቀሚሷን ታወጣለች። ሜኑው ላይ ሎብስተር አለ፤ ያ ቅርፊታሙ የባሕር ፍጥረት። ከተሳፈርን ጀምሮ ሲወራ የነበረው ስለዚሁ ማታ ነው። በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። ሳሕኑ መጣ። ጅራቱ ቅርፊቱ ላይ ጉብ ብሏል፤ ቀይና ነጭ ነው፤ ከጎኑ የቀለጠ ቅቤና የሎሚ ቁራጭ አለ። ሲያዩት ያምራል። ቆረስኩና ጎረስኩ።

ጎማ። ሌላ ቃል የለኝም። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ አልደቅ አለኝ። ጣዕም ያለው ቅቤው ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ግን ሁለተኛ አዘዙ። «ወደዱት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሎብስተር እኮ ነው!» አሉኝ። መልሳቸው እስካሁን ያስቀኛል። ጣፈጠኝ አላሉም። ሎብስተር መሆኑ በቅቷቸዋል።

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ማታ፣ እዚያው መርከብ ላይ ለብቻው በሚከፈልበት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቴ ሎብስተር አዘዘች። እኔ ቂም ይዤ ስለነበር ሌላ ነገር ወሰድኩ። ከሳሕኗ አንድ ጉርሻ ሰጠችኝ። ለስላሳ ነው፣ ውሃውን እንደያዘ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ያው መርከብ፣ ያው ባሕር፣ ምናልባትም ያው ፍሪዘር። ታዲያ በአንድ ሌሊት ልዩነት ምን ተፈጠረ? እዚህ የመጣሁት ይህ ጥያቄ ከዚያ ማታ ጀምሮ ስላልለቀቀኝ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናጥራ። በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ ባሕሩና ሳሕኑ አይተዋወቁም። መርከቡ መረብ አይጥልም። ዓሣ አጥማጅም በየወደቡ ቅርጫቱን ተሸክሞ መጥቶ አይሸጥለትም። ምግቡ ከሞላ ጎደል የሚጫነው ጉዞው በሚጀመርበት ወደብ በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ያለፈው ሳምንት ተሳፋሪ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ አዲሱ ይገባል። በመሃል ባሉት ጥቂት ሰዓታት በጭነት መኪና የመጣው ሁሉ በፎርክሊፍት ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል። ሎብስተሩም አብሮ ይገባል፤ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ በካርቶን ታሽጎ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዛቱን አስቡት። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ያስጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ሲሞላ 7,600 ያህል ተሳፋሪ ይይዛል። ሠራተኛው ደግሞ ወደ 2,350 ይጠጋል። አሥር ሺህ ሰው ማለት ነው። አንድ የወደብ ከተማ ጠዋት ያጠመደውን ሎብስተር በሙሉ ቢያወጣ እንኳን የዚህን መርከብ አንድ እራት አይሸፍን ይሆናል። ቢሸፍንም የከተማው ሰው ምን ይብላ?

ሁለተኛው ምክንያት ንጽህና ነው። ከውጭ ወደብ እየተነሱ አሜሪካ የሚገቡ የመዝናኛ መርከቦችን የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ ድንገት እየገባ ይፈትሻል። ሥራው ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። ከ100 ነጥብ ይሰጣል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን የመርከብ ኩባንያዎች አጥብቀው ይፈሩታል። ምግቡ ከታወቀና ከተፈቀደለት አቅራቢ መምጣት አለበት። ኦይስተር የሚባለው፣ በሁለት ቅርፊት መሃል የሚኖረው የባሕር ፍጥረት፣ እና መሰሎቹ ከነቅርፊታቸው ሲገቡ ከየት እንደተለቀሙ የሚናገር ወረቀት አብሯቸው ይመጣል። ወረቀቱ ሲያልቁም አይጣልም፤ ዘጠና ቀን ይቀመጣል። ሰው ቢታመም ምንጩን ለማግኘት ነው። እንግዲህ ከጀልባ ላይ ዘንቢል ሙሉ ሎብስተር የሚገዛ ሼፍ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ከበረዶ መውጣቱን ከተቀበልን ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ሎብስተር ነው የሚለው ነው። ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል፤ ስሙ አንድ ስለሆነ እንስሳው አንድ ይመስለዋል።

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት፣ ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫ ያለው፣ የሰሜን አትላንቲክ ሎብስተር ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛትና በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይጠመዳል። የሚኖረው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። ሌላው እሾሃማው ሎብስተር ነው። መቆንጠጫ የለውም፤ ረጃጅም ወፍራም አንቴናዎች አሉት። የሚበላው ሥጋው ከሞላ ጎደል ጅራቱ ላይ ነው። በካሪቢያን፣ በባሃማስ፣ በፍሎሪዳና በብራዚል ሞቃት ውሃ ውስጥ በብዛት አለ። የዚሁ ዘመዶች በቀዝቃዛ ውሃም ይኖራሉ፤ በደቡብ አፍሪካ፣ በደቡብ አውስትራሊያና በኒውዚላንድ ዳርቻ።

በመርከብ ዋና አዳራሽ ሳሕን ላይ የሚመጣው ጅራት ብቻ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ እሾሃማው ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ባሃማስ ውስጥ በቅጡ የተያዘ እሾሃማ ሎብስተር የሚናቅ ምግብ አይደለም። እዚያ ከሚያዝያ 1 እስከ ሐምሌ 31 በፈረንጅ አቆጣጠር ማጥመድ ክልክል ነው፤ እንዲራባ። ጅራቱም ከአምስት ኢንች ተኩል ካነሰ አይያዝም። በ2018 የባሃማስ ሎብስተር ኤም.ኤስ.ሲ የሚባለውን፣ ባሕሩን ሳያራቁቱ ለሚያጠምዱ የሚሰጠውን ምስክርነት አግኝቷል። ግን በንግዱ ዓለም ያሉ ሰዎች በቀዝቃዛ ውሃና በሞቃት ውሃ ጅራት መካከል ትልቅ ልዩነት ያደርጋሉ። የቀዝቃዛው ሥጋ ነጭ፣ ጠበቅ ያለና ጣፋጭ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። የሞቃቱ ርካሽ ነው፤ ከአንዱ ካርቶን ግሩም ጅራትም፣ ሲነኩት የሚፈርስ ጅራትም ሊወጣ ይችላል። ጥራቱ ይዋዥቃል።

ለምን ይፈርሳል? በጣም የሚገርመኝ ክፍል ይሄ ነው።

ሎብስተር ሆዱ ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ብርቱ ኢንዛይሞች አሉት። በሕይወት እያለ የእሱ አገልጋዮች ናቸው። ሲሞት ግን ጌታ ስለሌላቸው የራሱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራሉ። ሙቀት ደግሞ ያፈጥናቸዋል። ሰዎች ሎብስተርን ከነነፍሱ የሚቀቅሉት ለዚህ ነው። ጅራቱ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከጭንቅላቱ ቶሎ ተለይቶ ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት። ጀልባው ላይ፣ በፀሐይ፣ ሁለት ሰዓት ችላ ከተባለ ነገሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ ከዓለም ምርጡ ሼፍ እጅ ቢገባ አይድንም። እናንተ ሳሕን ላይ ያገኛችሁት ልፍስፍስ ሥጋ ከወራት በፊት ሌላ ባሕር ላይ የተሠራ ጥፋት ነው። አስተናጋጁን ብትቆጡት ምን ያውቃል?

ሁለተኛው ፈተና በረዶው ራሱ ነው። ሥጋ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ ትላልቅ የበረዶ ስባሪ ይሠራል። ስባሪዎቹ ስለታም ናቸው፤ የሥጋውን ሕዋሳት ይቀዳድዳሉ። ሲሟሟ ውሃው ከነጣዕሙ ይፈስሳል። ሥጋው ደርቆ እንደ ጭራሮ ይቀራል። በፍጥነት፣ በጣም በቀዘቀዘ አየር ሲመታ ግን ስባሪዎቹ ደቃቅ ይሆናሉና ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ «ከበረዶ የወጣ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በደንብ የቀዘቀዘ ሎብስተር፣ ገበያ ላይ ሁለት ቀን ተኝቶ «ትኩስ» ከሚባለው ይበልጣል። ይህን ስናገር የሚቆጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግን እውነት ነው።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ያስቆጣል። አንዳንድ አቅራቢዎች ሥጋውን ከማቀዝቀዛቸው በፊት ፎስፌት በሚባል ጨው ውሃ ይዘፈዝፉታል። ጨው ስላችሁ የገበታውን ጨው እንዳይመስላችሁ። ፎስፌት ሥጋው ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። በልኩ ሲሆን ሥጋው እንዳይደርቅ ይረዳል። ሲበዛ ግን ውሃን በሎብስተር ዋጋ መሸጥ ነው። የዚህ ምልክቱ አለ፤ ሥጋው መስተዋት መስተዋት ይላል፣ ሲነከስ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሽሪምፕ በሚባለው ትንሽ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት ላይም ይህንኑ ታገኙታላችሁ፤ እንዲያውም እዚያ ይብሳል።

አሁን ወደ ማዕድ ቤቱ እንውረድ። ልብ አድርጉ፣ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ መልካም ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ኩባንያው ጥሩ ጅራት ገዝቷል እንበል። ያቺ ጎማ ግን አሁንም ልትመጣ ትችላለች። የእኔዋ የመጣችው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

እስቲ እናስላ። መርከቡ 6,000 ተሳፋሪ አለው እንበል። የዘነጠው ማታ ላይ ግማሹ ሎብስተር ያዝዛል፤ 3,000 ጅራት። አንዱ 140 ግራም ቢሆን 420 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ከበረዶ መላቀቅ ያለበት ቀስ ብሎ፣ ከአምስት ዲግሪ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ሼፉ ዛሬ ስንት ሰው ሎብስተር እንደሚያዝ ትናንት መገመት ነበረበት። ያለፉትን ጉዞዎች መዝገብ ያያል፣ የተሳፋሪውን ዕድሜ ያያል፣ ቁጥር ይጥላል። አብዝቶ ከገመተ የተረፈው ነገ ቡፌው ላይ ሾርባ ወይም ፓስታ ውስጥ ይገባል። አሳንሶ ከገመተ ደግሞ ጨነቀው፤ ተጨማሪው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር በጥድፊያ ይሟሟል። ጅራቱ ራቁቱን ውሃ ውስጥ ከገባ ውሃ ይጠጣል። ዘግይቶ የገባ ተሳፋሪ የሚደርሰው ይሄ ነው።

ከዚያ ሰዓቱ ይመጣል። እራቱ በሁለት ዙር ነው እንበል፤ በዙር 1,500 ጅራት። ዋናው ምግብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት ካልን በደቂቃ 50 ነው። በደቂቃ ሃምሳ! ይህን ማንም ምግብ አብሳይ አንድ በአንድ አይጠብሰውም። ጅራቶቹ ከቅርፊታቸው ወጣ ተደርገው፣ ቅቤና ፓፕሪካ ተቀብተው፣ ትሪ ላይ ተደርድረው ወደ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ይገባሉ። በእሳት ፍርሃት ምክንያት በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ የጋዝ ነበልባል የለም፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው። ሲወጡ ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ አስተናጋጁ ከአሥር በላይ ሳሕን በክዳን በክዳን ደራርቦ ይሸከማቸዋል።

ችግሩ ሎብስተር ትዕግሥት የለውም። ሥጋው መሃሉ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው ምርጥ የሚሆነው። ከዚያ አሥር ዲግሪ ጨምሩበት፣ ጎማ ነው። የንጽህናው መመሪያ ደግሞ የባሕር ምግብ በአጠቃላይ 63 ዲግሪ እንዲበስል ይፈልጋል። ተሞቆ የሚቆይ ምግብ ከ57 ዲግሪ እንዳይወርድም ያዛል። መመሪያው ትክክል ነው፤ አሥር ሺህ ሰው ሆዱን ይዞ እንዲያድር የሚፈልግ የለም። ግን አስቡት፣ የበሰለ ጅራት በሙቅ ሳጥን ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሲቆም መብሰሉን አላቆመም። ሳጥኑ ውስጥ እየበሰለ ነው። እኔ ጋ የደረሰው ምድጃው ውስጥ ጥሩ የነበረ፣ መንገድ ላይ የተበላሸ ሎብስተር ነው።

የበሬ ሥጋ ወጥ ይህን ሁሉ ይችለዋል። እንዲያውም ሲቆይ ይጣፍጣል። ስለዚህ የመርከብ ዋና አዳራሽ በረጅሙ የሚበስል ምግብ ላይ ጎበዝ ሲሆን፣ ደቂቃ በሚጠይቀው ላይ ይደክማል። ከምግብ ሁሉ ደቂቃ የሚጠይቀው ደግሞ ሎብስተር ነው። በጣም የሚታይበት ማታ ላይ በጣም የሚቸገርበትን ምግብ ያቀርባል። ትንሿ ምግብ ቤት ግን ስልሳ ሰማንያ ሰው ብታስተናግድ ነው። እዚያ አብሳዩ ትዕዛዙ ሲመጣ ያበስላል። የባለቤቴ ሎብስተር ከምድጃው እስከ ሹካዋ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም ይሆናል። የከፈልነው ለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ለምን አይተዉትም?» ሊለኝ ይችላል። አይተዉትም። ሎብስተር መርከብ ላይ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የክብር ምልክት ነው። የባሕር ምግብና የመርከብ ክብር የቆየ ዝምድና አላቸው። የታይታኒክ አንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ሚያዝያ 14 ቀን 1912 የመጨረሻ እራታቸውን ሲበሉ ገበታው የተከፈተው በኦይስተር ነበር። ሳልመን የሚባለው ዓሣም ነበረበት። ማቀዝቀዣ ብርቅ በነበረበት ዘመን መሃል ውቅያኖስ ላይ ኦይስተር ማቅረብ «እኛ ይህንንም እንችላለን» ማለት ነው። የዛሬው ጅራትም የሚናገረው ይህንኑ ነው። አስቂኙ ነገር ሎብስተር ራሱ ክቡር ሆኖ አልተወለደም። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘመን ዳርቻው ላይ እንደ ልብ ስለነበር የድሃ ምግብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሳ መታሸግ ጀመረ፤ ባቡር መጣ፤ ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ቀመሰውና ወደደው። ከዚያ ዋጋው ወጣ። ጎረቤቴ ሰውዬ «ሎብስተር እኮ ነው!» ያሉት ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክመው ነው።

ግን ክብሩም እየተሸራረፈ ነው። ድሮ የቻልከውን ያህል ነበር። ሦስትና አራት ጅራት የሚያዝዝ ሰው አውቃለሁ፤ ያውም ኩራት እየተሰማው። አሁን አንዳንድ መርከቦች የመጀመሪያውን በነጻ ሰጥተው ለሁለተኛው ያስከፍላሉ። ሰው ተቆጥቷል። እኔ ብዙም አልተቆጣሁም። አንዱ ጥሩ ከሆነ አንድ ይበቃኛል። አንዱ ጎማ ከሆነ ሁለተኛውን ምን ላድርገው?

ስለ ሌሎቹ የባሕር ምግቦች ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ሽሪምፕ አብዛኛው ከእርባታ ኩሬ የሚመጣ ነው፤ ኢኳዶርና ሕንድ ትልልቆቹ አምራቾች ናቸው። በረዶን በደንብ ይችላል። በቀዝቃዛ ሶስ የሚቀርበው የመርከብ ሽሪምፕ አብዛኛውን ጊዜ አያሳፍርም፤ አስቀድሞ ተቀቅሎ ስለሚቀዘቅዝ ጥድፊያው አይነካውም። ሳልመን ብዙውን ጊዜ ከኖርዌይ ወይም ከቺሊ እርባታ ነው። ስብ ስላለው ትንሽ ቢበስልበትም ይቅር ይላል። ስለዚህ ዋና አዳራሹ ውስጥ ግራ ሲገባችሁ ሳልመን እዘዙ። ጥሬ ዓሣ፣ ሱሺውን ማለቴ ነው፣ ከበረዶ መውጣቱ እንዳያስከፋችሁ። ብዙው ዓይነት ጥሬ እንዲበላ ከተፈለገ ጥገኛ ትሎች እንዲሞቱ መቀዝቀዝ ግዴታው ነው፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሰባት ቀን። ቱናና አንዳንድ የእርባታ ዓሣ ከዚህ ነጻ ናቸው። ጥሬ ኦይስተር ላይ ግን እኔ ፈሪ ነኝ። ጉበቱ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጨርሶ ባይነካው ይሻለዋል፤ ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ቡፌ ላይ በሞቀ ትሪ ውስጥ የተዘረጋ ስስ ዓሣ ካያችሁ፣ እስቲ ለስንት ደቂቃ እንደተኛ ገምቱ። ካልገመታችሁ ወደ ወጡ።

ቅድም በር ላይ አንዲት እህት «ባሕሩ ሳሕኑ ላይ የሚመጣበት መርከብ የለም ወይ?» ብላኛለች። አለ። መጠኑ ሲያንስ ነገሩ ይቀየራል። የኖርዌይን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው ሁርቲግሩተን ከ1893 ጀምሮ ፖስታና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ የባሕር መስመር ነው። መርከቦቹ አነስተኛ ናቸው። በየትንሹ ወደብ ስለሚቆሙ ዓሣውን ከዳርቻው ሰው ይገዛሉ። ኮድ የሚባለው ዓሣ የተጫነበትን ከተማ ሜኑው ላይ ታያላችሁ። በሰሜኑ ጫፍ ኪንግ ክራብ የሚባለው ግዙፍ ሸርጣን አለ። እሱም እንግዳ ነው፤ በ1960ዎቹ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ከፓሲፊክ አምጥተው ባረንትስ ባሕር ውስጥ ለቀቁት፣ ተራብቶ ኖርዌይ ገባ። ተጓዡ ከመርከቡ ወርዶ ከአጥማጆች ጋር ያወጣዋል፤ ዳር ላይ ይቀቀላል፤ ይበላል። ከዚህ ወዲያ ትኩስ የለም።

ትልቁ መርከብ ላይም ብትሆኑ እግር አላችሁ። ከአገኘኋቸው ብልህ ተጓዦች ብዙዎቹ የባሕር ምግባቸውን የሚበሉት ወደብ ወርደው ነው። በመኸር ወደ ካናዳና ኒው ኢንግላንድ የሚሄዱ መርከቦች ባር ሃርበር፣ ፖርትላንድ፣ ሃሊፋክስ ይቆማሉ። እዚያ ሎብስተሩ በገንዳ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሜይን ውስጥ የጀርባው ቅርፊት ከሦስት ኢንች ሩብ ካነሰ ወይም ከአምስት ኢንች ከበለጠ ወደ ባሕር ይመለሳል። እንቁላል የያዘች ሴት ከተያዘች ጅራቷ ላይ ምልክት ተቆርጦላት ትለቀቃለች፤ ሌላ አጥማጅ ያንን ምልክት ካየ አይነካትም። እዚያ ወደብ ላይ እንዲህ ያለ ሎብስተር በዳቦ በልቶ፣ ማታ መርከብ ላይ ከበረዶ የወጣ ጅራት የሚያዝዝ ሰው አይገባኝም።

አላስካም እንደዚሁ ነው። በግዛቲቱ ሕግ ከ1990 ጀምሮ ዓሣ ማርባት የተከለከለ ስለሆነ የአላስካ ሳልመን የሚባለው ሁሉ ከባሕር የተጠመደ ነው። ክራቡ ግን በየዓመቱ አይገኝም። የብሪስቶል ቤይ ቀይ ኪንግ ክራብ ቁጥሩ ስለወረደ ሁለት ወቅት በተከታታይ ማጥመዱ ተዘግቶ ነበር፤ በ2023 መኸር ተከፈተ። መርከቡ ላይ የክራብ እግር ቡፌ ሲዘረጋ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ጥያቄው አያስነውርም። ብዙ ጊዜ አስተናጋጁ ራሱ ይደሰትበታል፤ የሚጠይቀው ሰው ብርቅ ነው።

ስለ አስተናጋጅ ካነሳሁ አንዱን ልንገራችሁ። ከዚያ ከጎማው ማታ ዓመታት በኋላ ሌላ መርከብ ላይ፣ አላስካ እየሄድን ነበር። እንደገና የዘነጠው ማታ መጣ፤ እንደገና ሜኑው ላይ ሎብስተር። የመጀመሪያው ዙር ላይ ነበርን፤ ቀድመን ነው የገባነው፣ ከልምዴ ተምሬ። ትኩሱ ትሪ የሚደርሰው ቀድሞ ለተቀመጠ ነው ብዬ። አስተናጋጁ አምስት ቀን ሲያገለግለን ስለነበር ለምዶናል። ማስታወሻውን ያዘና ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ እንደፈቀዱ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ግን ዛሬ እኔ ብሆን ሃሊበቱን ነበር የምወስደው።» ሃሊበት የዚያ ባሕር ነጭ ዓሣ ነው፤ ወፍራም፣ ገራም። «ሎብስተሩስ?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ሌላ ምንም አላለም።

ሃሊበቱን አዘዝኩ። ባለቤቴ ደግሞ እልኸኛ ስለሆነች ሎብስተሩን። ሳሕኖቹ መጡ። እሷ ቆረሰች፣ ቀመሰች፣ ዝም ብላ ትንሽ አኘከች። ከዚያ ሹካዋን አሻግራ ከእኔ ሃሊበት ግማሹን ወሰደች። አስተናጋጁ ከሩቅ እያየን ነበር። ሳይጠየቅ ሁለተኛ ሃሊበት ይዞ መጣ፤ ሎብስተሩንም አነሳው።

በሉ እስቲ፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።